ከኖቬምበር በፊት የሚያልቅ ምርጫ

በሜሪላንድ ግዛት ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነዋሪ አለው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው በዚሁ ካውንቲ በመሆኑ ስፍራው ለብዙ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ በየአራት ዓመቱ በኖቬምበር ወር ይመረጣል። ይሁን እንጂ በ2018 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማርክ ኤልሪች የአስተዳዳሪነቱን መንገድ የጨረሱት ከኖቬምበር ብዙ ቀደም ብሎ፣ በጁን ወር በዴሞክራቲክ ፓርቲ ውስጥ በተደረገው ውድድር ነው። ስድስት ዕጩዎች ቀርበው ነበር፤ ኤልሪች ከተሰጠው ድምፅ 30 በመቶ ያልሞላ አግኝተው ተከታያቸውን ዴቪድ ብሌርን በ77 ድምፅ በለጡ። ከአራት ዓመት በኋላ ሁለቱ ሰዎች በዚያው ፓርቲ ውስጥ ዳግም ተፎካከሩ፤ የዚያን ጊዜው ልዩነት 32 ድምፅ ነበር። በሁለቱም ዓመታት የኖቬምበሩ ምርጫ በሰፊ ልዩነት ተጠናቀቀ። አንድ ሚሊዮን ሰው የሚተዳደርበት ሥልጣን በአንድ ፓርቲ የውስጥ ውድድር፣ ያውም መቶ በማይሞላ ድምፅ ልዩነት የሚወሰነው በምን ምክንያት ነው? መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ አሜሪካ ለምን ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ብቻ እንዳሏት ማየት ያስፈልጋል።

በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ስለ ፓርቲ አንድም ቃል አይናገርም። አርቃቂዎቹ ፓርቲን የሚያዩት አገር እንደሚከፋፍል ቡድን ነበር፤ ጆርጅ ዋሽንግተንም በ1796 ባወጡት የስንብት መልእክት ከፓርቲ መንፈስ ተጠበቁ ብለው አስጠንቅቀዋል። ያም ሆኖ በራሳቸው ካቢኔ ውስጥ ሁለት ጎራ ተፈጥሮ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን ብሔራዊ ባንክ እንዲቋቋምና የፌዴራሉ መንግሥት እንዲጠናከር ሲገፉ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቶማስ ጄፈርሰን ይቃወሙ ነበር። ክርክሩ ከካቢኔ ወደ ጋዜጦች፣ ከጋዜጦችም ወደ ምርጫ ተሸጋገረ። በ1800 ጄፈርሰንና ከእሳቸው ጋር በአንድ ጎራ የቀረቡት አሮን በር ፕሬዚዳንቱን በየግዛቱ ስም ከሚመርጡት ወኪል መራጮች እኩል 73 ድምፅ በማግኘታቸው፣ የተወካዮች ምክር ቤት አሸናፊውን ለመለየት 36 ጊዜ ድምፅ መስጠት ግድ ሆነበት። ችግሩ የተፈጠረው ሕገ መንግሥቱ ፓርቲ ይኖራል ብሎ ስላላሰበ ነው። ፕሬዚዳንቱና ምክትል ፕሬዚዳንቱ ለየብቻ ድምፅ እንዲሰጣቸው የተደነገገው በ1804 በጸደቀው 12ኛው ማሻሻያ ነው።

ሰዎች በሐሳብ ሲለያዩ ፓርቲ መፍጠራቸው የሚጠበቅ ነው። ማብራሪያ የሚፈልገው ፓርቲዎቹ ከሁለት ያለመብለጣቸው ነው። የመጀመሪያው ምክንያት የድምፅ አቆጣጠሩ ነው። አገሪቱ በምርጫ ክልሎች ትከፈላለች፤ ከእያንዳንዱ ክልል አንድ ሰው ብቻ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይገባል፤ የሚገባውም ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘው ነው። ከግማሽ በላይ ማግኘት በአብዛኞቹ ግዛቶች ግዴታ አይደለም። ከ100 መራጮች 40ው ለአንደኛው፣ 35ቱ ለሁለተኛው፣ 25ቱ ለሦስተኛው ዕጩ ድምፅ ቢሰጡ አንደኛው ወንበሩን ይወስዳል፤ የቀሩት 60 ሰዎች ድምፅ ወንበር አያስገኝም። በተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም ወንበሮች እንደ ድምፁ መጠን በሚከፋፈሉበት ሥርዓት ቢሆን ኖሮ፣ ሦስተኛው ወገን ከአራት ወንበር አንዱን ያገኝ ነበር።

ይህን ያጠኑት ፈረንሳዊው ሞሪስ ዱቨርዤ በ1950ዎቹ ደንቡ በሁለት መንገድ እንደሚሠራ አስረዱ። አንደኛው የስሌት ጉዳይ ነው፤ ድምፁ የተበተነ ትንሽ ፓርቲ በየክልሉ ሁለተኛና ሦስተኛ እየወጣ ያለ ወንበር ይቀራል። ሁለተኛው የመራጩ ስሌት ነው። መራጩ ይህን ካየ በኋላ የሚወደው ዕጩ እንደማያሸንፍ ስለሚገምት፣ ድምፁን ከሁለቱ ብርቱዎች ብዙም ለማይጠላው ይሰጣል። ገንዘብ የሚለግሰውም፣ ለመወዳደር የሚያስበውም እንዲሁ ያሰላል። ትንሹ ፓርቲ የሚዳከመው እንግዲህ ሐሳቡን የሚደግፍ ሰው በማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ደጋፊዎቹ ራሳቸው ድምፃቸው እንዳይባክን ስለሚሸሹትም ነው።

ደንቡ የድምፅን ብዛት ብቻ ሳይሆን የሰፈረበትንም ቦታ እንደሚመለከት የ1948ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። በዚያ ዓመት ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ውጪ ሁለት ዕጩዎች ቀርበው ነበር፤ የዘር መለያየት እንዲቀጥል የሚሟገቱት ስትሮም ተርመንድና የግራ ክንፉ ሄንሪ ዋላስ። እያንዳንዳቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ፣ ማለትም ከጠቅላላው 2.4 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኙ። ነገር ግን የተርመንድ ድምፅ በጥቂት የደቡብ ግዛቶች የታጨቀ ስለነበር 39 የወኪል መራጮች ድምፅ አስገኘላቸው። በመላው አገር የተበተነው የዋላስ ድምፅ ያስገኘው ዜሮ ነው። በ1992 ባለሀብቱ ሮስ ፔሮ 19 በመቶ ገደማ የሕዝብ ድምፅ ይዘው እንደ ዋላስ ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ደንብ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ብሪታንያ፣ ካናዳና ህንድ ይጠቀሙበታል፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 54 በአንድ የምርጫ ክልል ከሚወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው እንዲያሸንፍ ይደነግጋል። በእነዚህ አገሮች ግን የፓርቲው ቁጥር ከሁለት ይበልጣል። ዱቨርዤ የገለጹት ግፊት የሚሠራው በየምርጫ ክልሉ ነው፤ በአንድ ክልል ሁለት ብርቱ ተወዳዳሪ ቢኖር፣ በሌላው ክልል ደግሞ ሌሎች ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ። በካናዳ ብሎክ ኬቤክዋ የተባለው ፓርቲ በኬቤክ ብቻ እየተወዳደረ ጠንክሮ የሚኖረው በዚህ የተነሣ ነው። በአሜሪካም ለአንድ አካባቢ የቆሙ ፓርቲዎች መኖር በቻሉ ነበር። እንዳይኖሩ ያደረገው ሁለተኛው ምክንያት፣ ማለትም ፕሬዚዳንትነቱ ነው፤ ለመላ አገሪቱ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው፣ የማይከፋፈል ነው፣ ከምክር ቤቱም ተለይቶ ይመረጣል። በካናዳ ትንሽ ፓርቲ መንግሥት ሲመሠረት ድጋፉን ሰጥቶ በምላሹ አንድ ነገር ሊያገኝ ይችላል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ለመያዝ የምክር ቤት አብላጫ ስለማያስፈልጋቸው እንዲህ ያለ ድርድር ቦታ የለውም።

ፕሬዚዳንቱ የሚመረጡበት መንገድ ግፊቱን ያበረታዋል። መራጩ በቀጥታ ድምፅ የሚሰጠው በየግዛቱ ለሚመደቡ ወኪል መራጮች ሲሆን፣ የእነዚህ ወኪሎች ስብስብ ኤሌክቶራል ኮሌጅ ይባላል። ቁጥራቸው 538 ነው፤ ግዛቶች በሁለቱ ምክር ቤቶች ባሏቸው ወንበሮች ልክ ሲመደብላቸው፣ ዋሽንግተን ዲሲ 3 አላት። ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር ሁሉም ግዛቶች በግዛቱ ለመራው ዕጩ ወኪሎቻቸውን በሙሉ ይሰጣሉ። በ2000 በፍሎሪዳ ጆርጅ ቡሽ አል ጎርን የበለጡት በ537 ድምፅ ነበር፤ በዚያው ግዛት የአረንጓዴው ፓርቲ ራልፍ ኔደር ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝተዋል። ከኔደር ደጋፊዎች ስንቱ ያለ እሳቸው ወደ ምርጫ ጣቢያ ይሄድ እንደነበር ማንም በርግጠኝነት ሊናገር አይችልም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለሦስተኛ ፓርቲ ድምፅ ለመስጠት ያሰበ አሜሪካዊ ሁሉ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሲጠቀሱበት ኖሯል። ዱቨርዤ የመራጩ ስሌት ያሉት በተግባር ይህን ይመስላል።

ሦስተኛው ምክንያት የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ነው፤ ብዙም ባይነገርለትም ክብደቱ ቀላል አይደለም። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ድረስ ወረቀቱን የሚያትሙት ፓርቲዎች ነበሩ፤ መራጩ የፓርቲውን ወረቀት ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። በ1860 በአብዛኞቹ የደቡብ ግዛቶች ለአብርሃም ሊንከን ድምፅ መስጠት የማይቻል የነበረው የእሳቸውን ወረቀት የሚያድል ስላልነበረ ነው። ከ1888 ጀምሮ ግዛቶች በምስጢር የሚሞላውን፣ የሁሉም ዕጩዎች ስም ያለበትን ወረቀት ራሳቸው ማተም ጀመሩ። የድምፅ ሽያጭንና ማስፈራራትን የቀነሰ ትልቅ መሻሻል ነበር። ነገር ግን መንግሥት ወረቀቱን ሲያትም የማን ስም ይግባ የሚለውን በሕግ መወሰን አለበት፤ ሕጉን የሚያወጡት ደግሞ በሁለቱ ፓርቲዎች ሰዎች የተሞሉት የየግዛቱ ምክር ቤቶች ናቸው። ቀደም ባለው ምርጫ በቂ ድምፅ ያገኘ ፓርቲ በቀጥታ ሲገባ፣ አዲስ ፓርቲ በየግዛቱ በሺዎች የሚቆጠር ፊርማ አሰባስቦ፣ ፊርማው ሲጣራና ሲሞገትበት ቆይቶ ነው የሚገባው።

በውጭ ያለው በር እንዲህ ጠባብ ከሆነ፣ በሁለቱም ፓርቲዎች ያልረካ ሰው ወዴት ይሄዳል? በአሜሪካ ታሪክ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አንዱ በአዲስ ፓርቲ ለመጨረሻ ጊዜ የተተካው የዊግ ፓርቲ በባርነት ጉዳይ ተሰንጥቆ ሲፈርስ ነው፤ በ1854 የተመሠረተው ሪፐብሊካን ፓርቲ ቦታውን ወሰደ፣ በስድስት ዓመት ውስጥም ሊንከንን ለፕሬዚዳንትነት አበቃ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ሁለት የዓለም ጦርነቶችን፣ ታላቁን የኢኮኖሚ ድቀትና የጥቁሮችን የመብት ትግል አሳልፋለች፤ የፓርቲዎቹ ስም ግን አልተለወጠም። ስማቸው ሳይለወጥ ይዘታቸው ከሥር እስከ ጫፍ የተለወጠበት አንዱ መንገድ ቅድመ ምርጫ ይባላል።

ቅድመ ምርጫ ማለት የፓርቲውን ዕጩ የፓርቲው መሪዎች ሳይሆኑ ተራው መራጭ በድምፁ የሚመርጥበት፣ በመንግሥት ወጪና በመንግሥት ምርጫ ጣቢያ የሚካሄድ ውድድር ነው። በግዛት ደረጃ ሁሉን አቀፍ አድርጋ በ1903 በሕግ የደነገገችው በሮበርት ላ ፎሌት የምትመራው ዊስኮንሲን ናት፤ ዓላማው ዕጩ የመምረጡን ሥልጣን ከፓርቲ አለቆች ዝግ ክፍል ማውጣት ነበር። ለፕሬዚዳንትነት ግን አለቆቹ ሌላ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆዩ። በ1968 ሂዩበርት ሀምፍሪ በአንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ በቺካጎው ጉባኤ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ሆኑ፤ ከአዳራሹ ውጭ የቬትናም ጦርነት ተቃዋሚዎችና ፖሊስ ይጋጩ ነበር። ከዚያ ቁጣ የተነሣ ፓርቲው ደንቡን ለወጠ፤ ከ1972 ጀምሮ የሁለቱም ፓርቲዎች ዕጩዎች በዋነኛነት በቅድመ ምርጫ የሚወሰኑ ሆኑ።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ የተለየ የፓርቲ ዓይነት ነው። እኛ ፓርቲ ስንል የአባልነት ፎርም፣ መዋጮ፣ ማዕከላዊ ኮሚቴ፣ ዲሲፕሊን ያለው ድርጅት እናስባለን፤ ዕጩ የሚያቀርበውም፣ ያፈነገጠውን የሚያባርረውም ድርጅቱ ነው። በአሜሪካ አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ዜግነት አግኝቶ ለመራጭነት ሲመዘገብ፣ የግዛቱ ቅጽ ላይ የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ አለ። ዴሞክራት የሚለውን ካመለከተ በቃ፣ ዴሞክራት ነው። መዋጮ አይከፍልም፣ ስብሰባ አይጠራም፣ ፓርቲው ሊቀበለውም ሊያስወጣውም አይችልም። የየትኛውም አይደለሁም ካለ ደግሞ በሜሪላንድ ሕግ በፓርቲዎቹ ቅድመ ምርጫ አይሳተፍም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ቢኖር ኖሮ ፓርቲውን የሚጠይቀው ቅጽ አይኖርም፤ በቅድመ ምርጫው ቀን ከሁለቱ ፓርቲዎች የአንዱን ወረቀት ጠይቆ ድምፁን ይሰጣል። በሁለት አጎራባች ግዛቶች እንኳ ደንቡ እንዲህ ይራራቃል።

መሪዎቹ በር ጠባቂ ካልሆኑ፣ ከውጭ የመጣ ሰው አዲስ ፓርቲ ከማቋቋም ይልቅ ያለውን መያዝ ይቀለዋል። ዶናልድ ትራምፕ ለ2000ው ምርጫ ሮስ ፔሮ የመሠረቱት የሪፎርም ፓርቲ ዕጩ ለመሆን ጀምረው ብዙም ሳይሄዱ አቆሙ። በ2016 ወደ ሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫ ገቡ፤ አብዛኞቹ የፓርቲው ነባር መሪዎች ባይፈልጓቸውም፣ ተቀናቃኞቻቸው ብዙ ስለነበሩ ከጠቅላላው የቅድመ ምርጫ ድምፅ ግማሹን እንኳ ሳይሞሉ ዕጩ ሆኑ። በሴኔት በግል የተመረጡት በርኒ ሳንደርስም በ2016 እና በ2020 የተወዳደሩት በዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ነው። ሁለቱ ሰዎች በሐሳብ የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቁም የመረጡት መንገድ አንድ ነው።

ቅድመ ምርጫውን ወሳኝ የሚያደርገው ቀጣዩ ነገር የሰዎች አሰፋፈር ነው። ዴሞክራቶች በትልልቅ ከተሞች፣ ሪፐብሊካኖች በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ተሰባስበው ስለሚኖሩ ብዙው የምርጫ ክልል ገና ከጅምሩ ለአንዱ ያደላ ነው። የክልል ድንበር ማስመሩ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ድንበሩን በየአሥር ዓመቱ የሚያሰምሩት የግዛቱ ምክር ቤቶች ናቸው፤ የተቃዋሚን ደጋፊዎች በጥቂት ክልሎች ማጨቅ ወይም በብዙ ክልሎች መበተን ይችላሉ። ስልቱ ጥንታዊ ነው፤ የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ በ1812 የፈረሙት ካርታ ስማቸውን እስከ ዛሬ የስልቱ መጠሪያ አድርጎታል። በ2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለፓርቲ ጥቅም ሲባል የተደረገ የድንበር ማስመርን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙት አይችሉም ሲል ወሰነ።

በእንዲህ ያለ ክልል የኖቬምበሩ ምርጫ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ፉክክሩ ወደ ቅድመ ምርጫው ይሸሻል፤ በዚያ የሚወጣው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። በ2014 በቨርጂኒያ በተወካዮች ምክር ቤት የሪፐብሊካኖች መሪ የነበሩት ኤሪክ ካንተር 65 ሺህ ገደማ ሰው በተሳተፈበት ቅድመ ምርጫ ዴቭ ብራት በተባሉ የኮሌጅ መምህር ተሸነፉ። በ2018 በኒውዮርክ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ ከዴሞክራቶች መሪዎች አንዱ የነበሩትን ነባሩን ጆ ክራውሊን ሲያሸንፉ፣ ወደ 700 ሺህ ሕዝብ በሚኖርበት ክልል የተሰጠው ድምፅ 30 ሺህ አይሞላም ነበር። ስለዚህ የምክር ቤት አባሉ የሚፈራው ተቃዋሚውን ፓርቲ ሳይሆን የገዛ ፓርቲውን ነቅተው የሚከታተሉ ጥቂት መራጮች ነው። በጃንዋሪ 2021 ትራምፕ እንዲከሰሱ ድምፅ የሰጡ አሥር ሪፐብሊካን የምክር ቤት አባላት ነበሩ። በሚቀጥለው ምርጫ አራቱ ራሳቸውን አገለሉ፣ አራቱ በቅድመ ምርጫ ወደቁ፣ ሁለቱ ብቻ ተመለሱ። የተመለሱት ሁለቱ ከዋሽንግተን ግዛትና ከካሊፎርኒያ ናቸው፤ በእነዚህ ግዛቶች የሁሉም ፓርቲ ዕጩዎች በአንድ ቅድመ ምርጫ ይወዳደሩና ሁለቱ መሪዎች ወደ ኖቬምበር ያልፋሉ። ሥርዓቱ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ግን ከወደቁት አንዷ፣ ጄሚ ሄሬራ በትለር፣ ከዚያው ከዋሽንግተን ግዛት መሆናቸው ያሳያል።

ደንብ ሲለወጥ ውጤት እንደሚለወጥ አጥርታ የምታሳየው አላስካ ናት፤ ያውም በአንዲት ሴናተር ላይ። በ2010 ሊሳ መርካውስኪ በሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫ በ2 ሺህ ገደማ ድምፅ በጆ ሚለር ተሸነፉ። ስማቸው ከወረቀቱ ስለወጣ መራጩ ራሱ በእጁ ስማቸውን እንዲጽፍ ዘመቱ፤ ለመጻፍ ቀላል ስም ስላልነበረ የዘመቻው ሰዎች ፊደሉ የታተመበት የጎማ የእጅ አምባር አደሉ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ጻፈው። ሚለር ፊደል የተሳሳተበት ወረቀት ይሰረዝ ብለው ቢከሱም የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመራጩ ፍላጎት እስከታወቀ ድረስ ይቆጠራል አለ። ስም አስጽፎ ወደ ሴኔት የገባ ሰው ከ1954 ወዲህ አልነበረም፤ የዚያን ጊዜው ሰው ከላይ የተጠቀሱት ስትሮም ተርመንድ ናቸው።

በ2020 የአላስካ ሕዝብ ደንቡን ለወጠ። ሁሉም ዕጩዎች በአንድ ቅድመ ምርጫ ቀርበው አራቱ መሪዎች ያልፋሉ፤ በኖቬምበር መራጩ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ የመጨረሻው ይወጣና ድምፁ ደጋፊዎቹ ሁለተኛ ላሉት ይሰጣል። መርካውስኪ ከላይ በተጠቀሰው ክስ በ2021 በሴኔቱ ችሎት ትራምፕ ጥፋተኛ ናቸው ብለው ድምፅ ሰጥተው ነበር። በ2022 በትራምፕ የተደገፉት ኬሊ ሺባካ ሲፎካከሯቸው፣ በመጀመሪያው ቆጠራ ሁለቱም ተቀራራቢ ሆነው ከግማሽ በታች ቀሩ፤ የዴሞክራቷ ዕጩ ደጋፊዎች ሁለተኛ ምርጫ ሲደመር መርካውስኪ አለፉ። ሥርዓቱ ነቀፋም አለበት። የመረጠው ዕጩ ሲወጣ ሁለተኛ ምርጫ ያላስቀመጠ መራጭ ወረቀት ከቆጠራው ይወጣል፤ ቆጠራውን መረዳትም ጊዜ ይጠይቃል።

ፓርቲዎቹ የሚያነሡት ዋና መከራከሪያ ደግሞ ዕጩ መምረጥ የፓርቲው የራሱ ጉዳይ ነው የሚል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2000 በካሊፎርኒያ ጉዳይ፣ ማንኛውም መራጭ የየትኛውንም ፓርቲ ዕጩ እንዲወስን የሚያስገድድ ሕግ የመደራጀት ነፃነትን ይጥሳል ብሏል። መከራከሪያው ክብደት አለው፤ ሃይማኖታዊ ማኅበር ሊቀመንበሩን ከውጭ ሰው ድምፅ ጋር እንዲመርጥ አይገደድም። እኔን ግን የማያሳምነኝ፣ ቅድመ ምርጫው በሁሉም ግብር ከፋይ ወጪ የሚካሄድ መሆኑና እንደ ሞንትጎመሪ ባለ ስፍራ ሌላ እውነተኛ ምርጫ አለመኖሩ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ለየትኛውም ፓርቲ ያልተመዘገበ ዜጋ ከሚተዳደርበት ውሳኔ ውጭ ይሆናል። ሁለቱ ፓርቲዎች በሚቀራረቡበት ክልል ግን ዝግ ቅድመ ምርጫ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ በጣም ያንሳል፤ መፍትሔውም ለሁሉም ስፍራ አንድ ይሆናል ብዬ አላምንም።

በ2024 በሙሉም ሆነ በከፊል ተመሳሳይ የሆነ ለውጥ ለኮሎራዶ፣ ለኔቫዳ፣ ለአይዳሆና ለኦሪገን መራጮች ቀርቦ በአራቱም ውድቅ ሆነ። በአላስካ አዲሱን ሥርዓት ለመሻር የቀረበው ሐሳብ ከ300 ሺህ በላይ ድምፅ ተሰጥቶበት፣ አንድ ሺህ በማይሞላ ልዩነት ሳያልፍ ቀረ። በሜሪላንድ ደንቡ እንደነበረ ነው፤ ለፓርቲ ያልተመዘገበ ወይም ፓርቲ መለወጥ የሚፈልግ ነዋሪ ቅድመ ምርጫው ከመድረሱ ሳምንታት አስቀድሞ ምዝገባውን ማስተካከል ይኖርበታል።